የታጨደ ደንገል፣ የተረገጠ ደንገል፦ በዓባይ መውጫ የተደረገ የአንድ የካያክ ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ጉዞውን የመራሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። የሞተ ሰው የለም፣ አጥንቱ የተሰበረም የለም። ጣና ውስጥ የቀሩት አንድ መቅዘፊያና አንድ ካሜራ ብቻ ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚያች ጠዋት በኋላ ሰው ይዤ ወደ ደንገል፣ ማለትም በሐይቁ ዳር ወደሚበቅለው ረጅም የውኃ ተክል፣ የምገባበት መንገድ ፈጽሞ ተለውጧል። እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላ አስጎብኚ ሊደግመው ይችላል ብዬ ስለምሰጋ የሆነውን ሳልሸፍን አስቀምጣለሁ።

ዓባይ ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ከተማ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጎጃምን እንደ ቀለበት እየዞረ ይወርዳል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እንደ ስፋቱ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚህም ምክንያት በዳር በዳሩ ደንገል ሥር ሰድዶ ይበቅላል፤ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሞገዱ አጭር፣ ድንገተኛና ቁጡ ይሆናል። መውጫው አካባቢ ውኃው የሚሄድ አይመስልም። ከታች ጨረጨራ ላይ የተሠራው ግድብ ፍሰቱን ስለሚቆጣጠረው ወንዙ የሐይቁን ዝግታ ይዞ ይቆያል። በደብረ ማርያም ደሴት በኩል ያለው ደንገል፣ ዝግተኛው ውኃና በአቅራቢያው የሚገኘው ሣር ጉማሬ የሚወደው ነገር ሁሉ ነው። ለጎብኚም እንዲሁ።

እንግዶቹ ስድስት ነበሩ፤ ጥምቀትን በባሕር ዳር ለማክበር ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኛሞች። ከመካከላቸው አንዷ በሥራ ምክንያት በኬንያ የባሕር ዳርቻ ሁለት ዓመት ኖራለች። እዚያ ሚዳ ክሪክ በሚባለው የባሕር ሰርጥ ውስጥ፣ በማንግሮቭ ደን መካከል በካያክ፣ በጠባቧ ቀላል ጀልባ፣ መቅዘፍ ለምዳ ነበር። ጉዞው እንዲደረግ የፈለገችውም እርሷ ናት። ማንግሮቭ ጨው ባለበት ውኃ ውስጥ የሚያድግ ዛፍ ነው። አንዳንዱ ዝርያ ሥሩን እንደ ምርኩዝ ከግንዱ ወደ ጭቃው ያወርዳል፤ ሌላው ደግሞ ከጭቃው ውስጥ ወደ ላይ እንደ ጣት የቆሙ መተንፈሻ ሥሮች ያበቅላል። እዚያ የጉዞውን ሰዓት የሚወስነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው። ውኃው ሲሞላ ቅርንጫፎች እንደ ጣሪያ ከገጠሙበት ጠባብ መተላለፊያ ይገባል፤ መጉደል ሲጀምር ይወጣል። የዘገየ ሰው ጭቃ ላይ ተቀምጦ ቀጣዩን ሙላት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የነገረችን መንገድ ላይ ነው፤ አነጋገሯ የሚያምር፣ የምትለውንም የምታውቅ ሰው ነበረች። ይህን የማነሣው በኋላ ለሆነው ነገር እርሷን ለመውቀስ አይደለም። የምታውቀው እውነት ነው፤ የሌላ ውኃ እውነት መሆኑን ማስተዋል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከእንግዶቹ ሌላ አብረውን የወጡት አንድ ባለታንኳ ናቸው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ የነገደ ወይጦ ሰው ናቸው፤ እኔ አያ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ታንኳቸውን ራሳቸው ይሠሩታል። ደንገሉን አጭደው ያደርቁታል፣ በእቅፍ በእቅፍ ያስሩታል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና ያደርጉታል። ከውኃ በወጡ ቁጥር ታንኳዋን አቁመው ፀሐይ ያስመቷታል፤ ይህ ካልሆነ ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች። ደህና አድርገው ቢይዟትም የምታገለግለው ለጥቂት ወራት ነው፤ ከዚያ ሌላ ይሠራል። የወይጦ ሰዎች በድሮ ዘመን የታወቁ የጉማሬ አዳኞች ነበሩ። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ሰው ለረጅም ዘመን ሲያገላቸው ኖሯል። የዚያ መገለል ጠባሳ ዛሬም አልጠፋም። አያ ራሳቸው ጉማሬ አድነው አያውቁም። ነገር ግን ከአባቶቻቸው የወረሱት የጉማሬ ዕውቀት በማንም አስጎብኚ የምስክር ወረቀት ውስጥ አይገኝም።

እኔ ግን አያን የቀጠርኳቸው ለዚህ ዕውቀት አልነበረም። እንግዶቹ ከታንኳ ጋር ፎቶግራፍ መነሣት ስለፈለጉ ነው። የከፈልኳቸውም በዚያው ልክ ነበር፤ እንግዶቹ ከከፈሉኝ ገንዘብ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሆንም። በሰልፉም ላይ መጨረሻ አደረግኋቸው። ታንኳ ከካያክ ይልቅ ዝግ ያለች ስለሆነች ከኋላ ብትከተል ይሻላል ብዬ ነበር። ይህን ውሳኔ ስወስን አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም፤ ዛሬ ግን ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እርሱ ነው።

ዕቅዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ውኃ ላይ ሆነን ከ4 ሰዓት በፊት እንድንመለስ ነበር። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስታወት ይተኛል፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ይነሣና ወደ ከሰዓት በኋላ እየበረታ ይሄዳል። እንግዶቹ ግን ሌሊቱን ሲያመሹ ስላደሩ ወደቡ ላይ የደረሱት 2 ሰዓት ላይ ነው። የመንሳፈፊያ ጃኬት አልብሼ፣ የመቅዘፊያ አያያዝ አሳይቼ ስጨርስ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ያን ጊዜ አያ ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዛሬ ረፍዷል ልጄ» አሉኝ። የተረዳኋቸው ሌላ ሥራ እንዳለባቸውና ስለ ክፍያው እንዳሰቡ አድርጌ ነበር። «ግድ የለም አያ፣ እጨምርልዎታለሁ» አልኳቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ። እንግዶቹ በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ሆኑ፣ ገንዘቡም ተከፍሏል፤ ጉዞውን መሰረዝ የሚባል ነገር በአእምሮዬ አልመጣም።

ሦስት ባለ ሁለት መቀመጫ ካያኮች፣ የእኔ ባለ አንድ መቀመጫ ካያክ፣ ከኋላ ደግሞ ታንኳዋ ሆነን ወጣን።

እስከ ደንገሉ ድረስ ጉዞው እንደ ሕልም ነበር። ውኃው ገና ጸጥ እንዳለ ነው። ሻላዎች በሩቅ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ደንገል ከሩቅ ሲያዩት አንድ አረንጓዴ ግድግዳ ይመስላል፤ ሲጠጉት ግን እያንዳንዱ ዘንግ ለብቻው የቆመ ነው። ቁመቱ ከሰው እጥፍ ይበልጣል፣ አገዳው ሦስት ማዕዘን አለው፣ በአናቱ ላይ ክር ክር የሚል ጃንጥላ ይዘረጋል። በጣት ሲጫኑት ከላይ ጠንካራ ነው፤ ሲሰብሩት ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ የሳሳ፣ አየር የሞላበት ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፋት ይህ አየር ነው። እንግዶቹ እያቆሙ ይዳስሱ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ስለ ደንገል መመናመን ነገርኳቸው። ዳሩ እየታረሰ፣ ደንገሉ እየተቃጠለና ያለ ልክ እየታጨደ መሆኑን፣ በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ቢመዘግበውም መመዝገቡ ብቻውን ማጭድ እንደማያስቆም አስረዳኋቸው። በዚህ ሁሉ መካከል ታንኳዋ ከመቶ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር።

ከዚያ አፉን አየነው። በደንገሉ ግድግዳ ላይ ሁለት ካያክ ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፤ ወደ ውስጥ ገብቶ በስተግራ ይታጠፋል፤ ከላይ የደንገሉ አናት ገጥሞበታል። ያቺ እንግዳችን፣ «ይኸውና! ሚዳ ላይ የምንገባው እንዲህ ባለው ውስጥ ነበር» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ክፍተቱን አየሁት፤ ውኃው በቂ ነው፣ ፀሐይ የለበትም፣ ነፋስም አያገኘው። ባለታንኳዎች ደንገል ለማጨድ የሚገቡበት መንገድ መሰለኝ። «ግቡ፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ» አልኩ።

የመጀመሪያው ካያክ፣ እርሷና ጓደኛዋ ያሉበት፣ ገባ። ሁለተኛው ተከተለ። እኔ ሦስተኛውን ልጠብቅ ብዬ አፉ ላይ ቆምኩ። ወደ ኋላ ስመለከት አያ በታንኳቸው ላይ ቆመው ረጅሙን ዘንግ ወደ ላይ አንሥተዋል፤ ይጮኻሉ። ቀላል ነፋስ መንፈስ ጀምሮ ስለነበር ድምፃቸው ተቆራርጦ መጣ። ጠብቁኝ የሚሉ መሰለኝና በእጄ ኑ፣ ኑ አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሃያ ሰከንድ አልፈጀም። በመጀመሪያ በመታጠፊያው በኩል ያሉት የደንገል አናቶች በአንድ መስመር ተንቀጠቀጡ፤ ሌላው ደንገል ቆሞ ሳለ እነርሱ ብቻ። ቀጥሎ በጠባቡ መንገድ ውስጥ ያለው ውኃ ከሥሩ የሆነ ነገር እንደገፋው ሆኖ ተነሣ። ጉማሬው አልታየም፤ የታየው ውኃው ነው። የመጀመሪያው ካያክ በዕድል ወደ ደንገሉ ተጣብቆ ነበርና ሞገዱ በጎኑ አለፈ። ሁለተኛው ለመመለስ ሲዞር አግድም ሆኖ አገኘው፤ ገለበጠው። ከዚያ ከእኔ በስተግራ፣ ከሁለት መቅዘፊያ በማይበልጥ ርቀት ላይ የጉማሬው ጭንቅላት ብቅ አለ። ጆሮዎቹ ውኃ ሲያራግፉና አፍንጫው ሲከደን አየሁ፤ ወዲያው ወደ ጥልቁ ጠለቀ። የገፋን ነገር የለም፣ የነከሰን የለም። መውጫውን ዘግተንበት ነበርና መውጣት ፈልጎ ወጣ።

ሁለት ሰዎች ውኃ ውስጥ ናቸው። ጃኬት ስለለበሱ አይሰምጡም፤ ነገር ግን አንደኛው ለመቆም ሲሞክር ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠውና ደነገጠ። የተገለበጠው ካያክ ውኃ ሞልቶ ከባድ ሆኗል፤ ሊይዙት ሲሞክሩ ይሽከረከራል። እኔ ሥልጠናዬን ተራ በተራ እያስታወስኩ እጮኻለሁ፤ የምጮኸውን ማንም አይሰማም። አያ ሳይቸኩሉ ገቡ። ታንኳቸውን በሰዎቹ አጠገብ አግድም አደረጉና፣ «ያዙ፤ አትውጡ፣ ያዙ ብቻ» አሏቸው። ታንኳ ውኃ የሚቋጥርበት ሆድ የላትም፤ ብትረጥብም አትሞላም፣ ሁለት ሰው ቢንጠለጠልባት አትገለበጥም። ሁለቱ በእጆቻቸው እቅፍ አድርገው ያዟት። አያ በዘንጋቸው ጭቃውን እየገፉ እነርሱን ጭምር ከዚያ መንገድ አወጧቸው። ከወጡ በኋላ አንድ በአንድ ታንኳዋ ላይ አስቀመጧቸው።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ካያኩን አድርቀን፣ የፈራውን አረጋግተን ስንወጣ 4 ሰዓት አልፏል፤ በመሄጃችን ጊዜ እንደ ቀልድ ያለፍነው ክፍት ውኃ ሲመለሱ ለመሻገር እጥፍ ጊዜ ወሰደ። ሞገዱ በካያኮቹ ላይ እየደረበ ይረጭ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የሚነገር ነገር የለውም፤ ደረስን።

በማግሥቱ አያን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅርታውን እንደ ቀላል ነገር አለፉትና፣ «ና ላሳይህ» ብለው በታንኳቸው ወደዚያው አፍ ወሰዱኝ፤ ገና ሳይነጋ ወጥተን ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ከውጭ ቆመን፣ ሳንገባ፣ የደንገሉን ግርጌ በዘንጋቸው ጫፍ አሳዩኝ። ሰው በሚሄድበት መንገድ ዳር ያለው የደንገል ጉቶ የታጨደ ነው፤ ማጭዱ ያረፈበት በአንድ ወገን ዘመም ብሎ ልሙጥ ሆኖ ይታያል፣ ሁሉም በተቀራራቢ ቁመት ላይ የተቆረጠ ነው። በዚህኛው አፍ ላይ አንድም የታጨደ ጉቶ የለም። አገዳው ተረግጧል፤ ተፍረክርኮ፣ ከመካከሉ ተሰንጥቆ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተኝቷል። በአንዳንዱ ላይ የሰው ደረት ከፍታ ላይ ጭቃና የተፈጨ ሣር የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ፋንድያ ነው፤ ወንዱ ጉማሬ ጅራቱን እያወናጨፈ ሲበትነው በደንገሉ ላይ ይለጠፋል፤ ይህ ቦታ የእኔ ነው ማለቱ ነው። ውኃውም ከውጭው ውኃ ይልቅ የደፈረሰ ነበር። ይህ ሁሉ የዚያን ዕለት ጠዋትም እዚያው ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሜ አየሁት፤ አላነበብኩትም።

ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ከነጋ ወደ ውኃ ይመለሳል፣ ቀኑን በውኃ ውስጥና በጥላ ያሳልፋል። መሬት ላይ ሲሄድ መንገዱ የታወቀ እንደሆነው ሁሉ በደንገልም ውስጥ መንገድ አለው፤ በክብደቱ ይቦረቡረዋል። እኛ በ12 ሰዓት ተኩል ወጥተን ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ወደ ጥላው ሲገባ በሩቁ እናየው ነበር። በረፈደ ጊዜ ግን እርሱ ቤቱ ገብቷል፤ እኛ በሩ ላይ ደረስን። ሌላም ነገር አለ። ሞተር ጀልባ ይሰማል፣ ጉማሬውም ቀድሞ ይርቃል ወይም ብቅ ብሎ ይታያል። ካያክ ግን ድምፅ የለውም። አያ በታንኳ ሲሄዱ በየጥቂቱ ዘንጉን በውኃው ላይ መታ ያደርጋሉ፤ ልማድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መምጣታቸውን ማስታወቃቸው እንደሆነ የነገሩኝ ያን ዕለት ነው።

ጉዳዩን ስመረምር ያለፉት ስሕተቶች በርከት ያሉ ናቸው፤ መዘግየቱ፣ አፉ ላይ መቆሜ፣ ሁለት ካያክ አንዱን ከአንዱ ኋላ ማስገባቴ። ከማንግሮቭ ጋር ማመሳሰሉም አለ። በማንግሮቭ ውስጥ ያለው መተላለፊያ ዛፉ እንዳበቀለው ይኖራል፤ ደንገል ግን ከዳር ተገንጥሎ በነፋስ ይሄዳል፣ ትናንት የተከፈተ ዛሬ ይዘጋል። የተከፈተውንም ማን እንደከፈተው መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ግን ሊታረሙ የሚችሉት በዚያው ጠዋት ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንድ ጊዜ ወደቡ ላይ «ረፍዷል» ሲባል፣ ሁለተኛ ጊዜ ዘንግ ወደ ላይ ሲነሣ። ሁለቱንም ጊዜ የተናገሩት የሚያውቁት ሰው ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ሌላ ነገር ሰማሁ። የሰማሁት ስለተሳሳተ ብቻ አይደለም፤ ለፎቶ የቀጠርኩት ሰው ስለ ውኃው ይነግረኛል ብዬ ስላልጠበቅሁ ነው። የሰጠኋቸው ቦታ፣ የከፈልኳቸው ገንዘብና ድምፃቸውን የሰማሁበት ጆሮ አንድ ነበሩ። ጉዳዩ እንደ ጉማሬ አደጋ ቢነገር ይቀላል፤ እኔ ግን የሰልፍ ስሕተት ነው የምለው።

አንድ ነገር ደግሞ በቸልታ ያለፍኩት አለ። በጣና ዳር፣ በተለይ ዝግ ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ ብልሃርዚያ የሚባል በትል የሚመጣ በሽታ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ለዚህ ጥቂት ደቂቃ ውኃ ውስጥ መቆየት ይበቃል። ሁለቱ ሰዎች ከወደቁ በኋላ ነው ይህን የነገርኳቸው፤ ከመውጣታችን በፊት ሊያውቁት ይገባቸው ነበር። ትሉ በሰውነት ውስጥ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ሳምንታት ስለሚፈጅ በማግሥቱ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ ምንም አያሳይም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተው እንዲመረመሩ፣ ከተገኘም ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት እንዳለው ነገርኳቸው። ሁለቱም ተመረመሩ፤ ነፃ ሆነው ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ ታንኳዋ ከፊት ናት። ካያኮች የሚሄዱት በታንኳዋ ፍጥነት ነው፤ ከእርሷ አልፎ የሚሄድ የለም። እንግዳ ይህን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ፍጥነት የሚፈልግ ካለ ክፍት ውኃ ላይ ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ። ጥልቁን ውኃ ለጉማሬው ትተን በዳር በዳሩ እንሄዳለን፤ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ስለሆነ በእርሱና በጥልቁ መካከል አንገባም። የታጨደ ጉቶ ያላየንበት አፍ ውስጥ አንገባም። ከ1 ሰዓት በኋላ የሚደርስ እንግዳ በዚያን ቀን ወደ ደንገል አይሄድም፤ ከፈለገ ገንዘቡን እመልሳለሁ። አያ የሚያገኙት ከእኔ ጋር እኩል ነው። ይህን ስወስን አብረውኝ የሚሠሩ አንዳንዶች ተቃውመውኝ ነበር፤ ለታንኳ ቀዛፊ ይህን ያህል ከተከፈለ ዋጋው ይበላሻል አሉ። ለመንገድ መሪ የምከፍለው ነው አልኳቸው፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ኅዳር አራት እንግዶች ይዘን ወጣን። አያ ከፊት ናቸው። ያ አፍ አጠገብ ሳንደርስ፣ ገና ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረን፣ ዘንጋቸውን በውኃው ላይ አጋደሙና ቆሙ። እኔ ምንም አላየሁም። ደንገሉ ጸጥ ብሏል፣ ነጫጭ ወፎች ከላይ ተቀምጠዋል። «እንመለስ» አሉ። ከእንግዶቹ አንዱ ምን አዩ ብሎ ጠየቀኝ፤ እስክንመለስ ድረስ እኔም አልጠየቅኋቸውም።